ከባድ የመኪና ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ማንሳትና ማውረድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞተር በገመድ የሚወጣባቸው፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በደረት የሚታቀፍባቸው ጋራዦች ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ ቤቶች የሚነሳው ጥያቄ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው የደህንነት ፖስተር መልስ አያገኝም፤ ፖስተሩ መኪና ማንሻ ሊፍት፣ ደልዳላ ወለልና በቂ ሰው አለ ብሎ ይጀምራልና። ከታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ሊፍት ለሌለው፣ ወለሉ ግማሹ ሲሚንቶ ግማሹ አፈር ለሆነ፣ አንድ መካኒክና ሁለት ረዳት ላለው ቤት ነው።

በእጅ ስንት ኪሎ ድረስ ማንሳት ይቻላል?

ለሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ወሳኙ ዕቃው ከሰውነት ምን ያህል እንደራቀና ከምን ከፍታ ላይ እንደሚነሳ ነው። የብሪታኒያ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት መለኪያ ይህን በደንብ ያሳያል፦ ወንድ ሠራተኛ ዕቃውን ወደ ሆዱ አስጠግቶ በወገቡ ከፍታ ሲይዝ 25 ኪሎ፣ ሴት ሠራተኛ 16 ኪሎ። ከመሬት የሚነሳ ሲሆን ግን የወንዱ ወደ 10፣ የሴቷ ወደ 7 ይወርዳል። ከመሬት፣ ያውም ክንድ ተዘርግቶ ከሆነ 5 እና 3 ብቻ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው ቀመር ደግሞ ከ23 ኪሎ ይነሳል። ያም ሁሉ ነገር ሲመቻች ነው፤ ርቀት፣ መጠማዘዝና መደጋገም ሲጨመርበት ቁጥሩ እየተቀነሰ ይሄዳል።

55 ኪሎ የሚለውን ቁጥር የሚጠቅሱም አሉ። እሱ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣው ምክረ ሐሳብ የመጣ ነው። ለአዋቂ ወንድ ከዚህ በላይ አይሁን ለማለት የተቀመጠ ጣሪያ ነው እንጂ እስከዚህ ድረስ አንሱ የሚል ፈቃድ አይደለም።

አሁን ወደ ጋራዡ እንምጣ። የ100 አምፒር ባትሪ ወደ 25 ኪሎ ይጠጋል። ወረቀቱ ላይ ካየነው ቁጥር ጋር ስለሚገጥም ችግር የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ባትሪውን ስናወጣ ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ ላሜራ) ከወገባችን በታች ይዞን፣ ጎንበስ ብለን፣ ሁለቱንም ክንድ ዘርግተን ነው። በዚያ አኳኋን 25 ኪሎ ለወገብ በጣም ብዙ ነው። መጀመሪያ ወደ ራስ አስጠግቶ የመኪናው ጠርዝ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ እግርን አስተካክሎ ማንሳት ይሻላል። እጀታ ወይም የባትሪ ማንሻ ቀበቶ ካለው በእሱ ይነሳ፤ ሽቦ በሚታሰርባቸው ሁለት ምሰሶዎች አይያዝ።

ሳንመዝን ክብደቱን እንዴት እናውቃለን?

በመገመት አትታመኑ፤ ብረትና አሉሚኒየም ዓይን ያታልላሉ። ለመነሻ የሚሆን ይኸው። የትንሽ መኪና ባለአራት ሲሊንደር ሞተር እንደ አሠራሩ ከ90 እስከ 150 ኪሎ ይደርሳል። የፒክአፕ ናፍጣ ሞተር 200 ኪሎን በቀላሉ ያልፋል። የሲኖትራክን መጠን የሚያክል የከባድ መኪና ሞተር ከግማሽ ቶን አልፎ ወደ ቶን የሚጠጋ ነው። የትንሽ መኪና ማንዋል ካምቢዮ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሲሆን አውቶማቲኩ እጥፉን ያህል ሊከብድ ይችላል፤ የከባድ መኪና ካምቢዮ ደግሞ 300 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። የከባድ መኪና የፍሬን ታምቡር ከ40 ኪሎ በላይ፣ 12.00 በ20 የሆነ ጎማ ከነቸርኬው 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ መክደኛ) አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ የናፍጣ መኪና ባለስድስት ሲሊንደር የብረት ቴስታታ ግን ለሁለት ሰውም ከባድ ነው።

ዘይቱ ያልወጣለት ዕቃ ከዚህ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ዘይቱ ስለሚንቀሳቀስ ክብደቱም አብሮ ይሸሻል።

ጥሩ ልማድ አለ፦ ቤቱ አዘውትሮ የሚሠራቸውን መኪኖች ዕቃ አንድ ጊዜ መመዘን። ጎረቤት እህል ቤት ካለ ሚዛኑን ለአንድ ከሰዓት መለመን ነው። ውጤቱ ግድግዳው ላይ በቀለም ይጻፍ። አዲስ የገባ ረዳት «ይሄንን ብቻዬን ልያዘው?» ብሎ ለመጠየቅ ሊያፍር ይችላል፤ ግድግዳ ለማንበብ ግን ማንም አያፍርም።

«ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን አቅና» ከተባልን በቂ አይደለም?

መሬት ላይ ላለ ካርቶን በቂ ነው። ካርቶኑ ፊት ለፊት ነው፣ በዙሪያው ቦታ አለ፣ ክብደቱም ገና ከመነሳቱ ይታወቃል። ጋራዥ ውስጥ ግን አብዛኛው ዕቃ ከታች ወደ ላይ የሚነሳ ሳይሆን ከተሰቀለበት የሚለቀቅ ነው። ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ)፣ የነዳጅ ታንከር፣ ዲፈረንሻል፣ የፍሬን ታምቡር ሁሉም በብሎን ተይዘው ይቆዩና የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ሙሉ ክብደታቸውን በአንድ ጊዜ ይሰጡናል። ወገብን የሚጎዳውም ጣትን የሚቆርጠውም በአብዛኛው ያቺ ቅጽበት ናት። ሰውየው በአንድ እጁ መፍቻ ይዟል፣ አንገቱ ዞሯል፣ አንድ እግሩ ዘይት ላይ ነው፤ ጉልበቱን ቢያጥፍ ባያጥፍ ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ ብሎን መፍታት ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ የመጨረሻው ሲፈታ ክብደቱ ማን ላይ ያርፋል? መልሱ «ክሪክ ላይ»፣ «ሰንሰለት ላይ»፣ «ካቫሌቶ ላይ» (የተነሳ መኪና የሚቀመጥበት የብረት መቆሚያ ላይ) ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። መልሱ የሰው ስም ከሆነ ይቆማል።

ካምቢዮ ያለ ሊፍት ለማውረድ የተሻለው መንገድ የትኛው ነው?

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ሥራ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። መኪናው ይነሳል፣ መካኒኩ በጀርባው ተኝቶ ይገባል፣ ብሎኖቹን ይፈታል፣ ካምቢዮውን በደረቱና በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ጠንካራ ልጅ ይችለዋል፤ ደጋግሞም ያደርገዋል። ችግሩ የተኛ ሰው የሚሸሽበት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። 40 ኪሎ ብረት ከተንሸራተተ የሚያርፈው ፊት፣ አንገት ወይም ደረት ላይ ነው። ሲገጠም ደግሞ ይብሳል፤ ዕቃውን በተዘረጋ ክንድ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ዘንጉን ከፍሪሲዮኑ ጥርስ ጋር እያጋጠሙ መቆየት ያስፈልጋልና።

የሚሻለው ይህ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፣ ዘይቱ እንዲፈስ ተደርጎ ይውጣ። ቀጥሎ ሞተሩ ከታች በሌላ ክሪክና በጣውላ ይደገፍ። ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ የኋላው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ላይ ስለሆነ እሱ ሲወጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ የራዲያተር ጎማዎችንና ሽቦዎችንም ይዞ ይጎትታል። ከዚያ ካምቢዮው ከሥሩ በካምቢዮ ክሪክ ይያዝ። ካምቢዮ ክሪክ ከሌለ በተራ የጎማ እግር ክሪክ ላይ የሚገጠም ሰፊ መቀመጫ በብየዳ ማሠራት ይቻላል፤ ዋናው ነገር ዕቃው ከመቀመጫው ጋር በቀበቶ መታሰሩ ነው። ሳይታሰር ክሪክ ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ ክብደቱ መሃሉ ላይ ስላልሆነ ወደ አንድ ወገን መገልበጡ አይቀርም።

ዙሪያውን ካሉት ብሎኖች ሁለቱ፣ ግራና ቀኝ ትይዩ ያሉት፣ መጀመሪያ ይውጡና በምትካቸው ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ረጃጅም ብሎኖች ይግቡ። ቀሪዎቹ ሲፈቱ ካምቢዮው በእነዚህ ሁለት ዘንጎች ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ድንገት አይወርድም፣ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ዘንጉ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ወደ ታች አይውረድ። በዘንጉ ላይ የተንጠለጠለ ካምቢዮ የፍሪሲዮኑን ሸራ ያጣምመዋል፤ ለሰውም ለዕቃም የማይጠቅም ነገር ነው።

ሲመለስም እነዚያው ሁለት ዘንጎች ግማሹን ሥራ ይሠሩታል። ፍሪሲዮኑ በማመሳከሪያ ዘንግ መሃል ላይ ከገባ፣ ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ሆኖ የኋላው መውጫ ትንሽ በትንሹ ከተዞረ፣ ያለ ትግል ይገባል። ካልገባ ብሎን አጥብቆ መሳብ የለም፤ ብዙ የካምቢዮ ጆሮ የተሰበረው በዚህ ነው። እነዚህን ሁለት ዘንጎች ለማዘጋጀት ያረጁ ብሎኖችና አንድ መጋዝ ይበቃሉ፤ ሆኖም በየጋራዡ አለመታየታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ሞተር ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠልጥለን ማውጣት እንችላለን?

ማገሩ ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ አይሆንም። ቆርቆሮ ለመሸከም የተሠራ ጣሪያ ሞተር እንዲሸከም አልተሠራም፤ ትናንት ችሎ ነበር ማለት ዛሬም ይችላል ማለት አይደለም። እንጨት ከውስጥ ሲበሰብስ ወይም ሚስማሩ ሲላላ ከታች አይታይም። ከጣሪያው የተለየ፣ ከወፍራም የብረት ቧንቧ የተበየደ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ እንዳይከፈቱ ከታች የተያያዙ መቆሚያ አሠርቶ ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚሠራ ማንሻ) መስቀል ይሻላል። የፓራንኮው መንጠቆ የደህንነት ምላስ ያለው መሆኑ፣ ሰንሰለቱም አለመጠማዘዙ በየጊዜው ይታይ።

ገመድን በተመለከተ፣ መኪና ሲጎተትበት የኖረ ናይለን ለሞተር አይሆንም። ቋጠሮ ብቻውን የገመዱን ጥንካሬ በግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል፤ የሞተር ሹል ጠርዝ ደግሞ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ሰንሰለት ወይም ጭነት የተጻፈበት ቀበቶ ተጠቀሙ። ሰንሰለቱ የሚታሰረው ፋብሪካው ለማንሻ ብሎ በሠራቸው ጆሮዎች ላይ ነው። ጆሮዎቹ ከጠፉ ቴስታታው ላይ በቂ ጥልቀት ያለው ወፍራም ብሎን ይፈለግ፤ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ላይ ወይም የፕላስቲክ ክዳን በሚይዝ ቀጭን ብሎን ላይ ግን በፍጹም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የሰንሰለቱን ማዕዘን ነው። 300 ኪሎ ሞተር በሁለት እግር ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ እግር 150 ኪሎ ይይዛል። ሰንሰለቱ ተከፍቶ ከአግድሙ ጋር 45 ዲግሪ ሲሠራ በእያንዳንዱ ላይ ያለው ጫና ወደ 212 ኪሎ ይወጣል። 30 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ እግር ሙሉውን 300 ኪሎ ይሸከማል። ስለዚህ ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ አስረዝሙት፤ ሞተሩ አናት ላይ ተዘርግቶ የተወጠረ ሰንሰለት ጠንካራ ቢመስልም ለመበጠስ የቀረበው እሱ ነው።

በጎማ እግሩ የሚገፋ የሃይድሮሊክ ክሬን ያላቸው ቤቶችም አንድ ነገር ይወቁ። «2 ቶን» ተብሎ የተጻፈበት ክሬን 2 ቶን የሚያነሳው ክንዱ አጭር ሲሆን ነው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ቶን ብቻ ይቀረዋል፤ በክንዱ ላይ በየቀዳዳው የተጻፈው ቁጥር ይህንን ነው የሚናገረው። ሞተሩ ከኮፈኑ ሥር እንደወጣ መኪናው ወደ ኋላ ይገፋ፤ ክሬኑን ከነሞተሩ መግፋት ግድ ከሆነ ግን ሞተሩ መሬት ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ይውረድ። አፈር ወለል ላይ የክሬኑ ትንንሽ ጎማዎች ይሰምጣሉ፤ ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ ይነጠፍ።

ትንሽ ሥራ ነው፣ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ገብቼ ብወጣስ?

አይገባም። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። ውስጡ ያለች ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ስትለቅ ማስጠንቀቂያ አትሰጥም። መኪናው በካቫሌቶ ይቀመጥ፣ መሬት የነኩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግላቸው፣ ከመግባት በፊትም በእጅ ገፋ ገፋ ተደርጎ ይሞከር። ብሎኬት የካቫሌቶ ምትክ አይሆንም፤ ከላይ ሲጫኑት የቻለ ብሎኬት ከአንድ ጎን ሲጫኑት ይፈረካከሳል። የወለቀውን ጎማ ሻንሲው ሥር ማንሸራተት ግን ጥሩ ተጨማሪ መድን ነው።

ለሦስት ለአራት ሆነን ብንሸከምስ?

ሰው ሲበዛ አቅም በዚያው ልክ አይበዛም። የብሪታኒያው መመሪያ እንደሚለው ሁለት ሰው አብሮ ሲያነሳ አቅማቸው የሁለቱ ድምር ሁለት ሦስተኛ፣ ሦስት ሰው ሲሆን የሦስቱ ድምር ግማሽ ያህል ነው። በ25 ኪሎ ብናስብ ሁለት ሰው 33፣ ሦስት ሰው 37 ወይም 38 ኪሎ መሆኑ ነው። ብረት ቧንቧ በገመድ አሳልፈው 130 ኪሎ ሞተር በአራት ትከሻ የሚያወጡ ሰዎች ከዚህ ሒሳብ እጅግ ርቀው ነው የሚሄዱት። አንዱ ሲያዳልጠው የእሱ ድርሻ የሚሄደው ወደ ጎረቤቱ ወገብ ነው።

ግድ ሲሆን፦ ቁመታቸው የተቀራረበ ሰዎች ይመረጡ፤ መንገዱ አስቀድሞ ይጠረግ፤ የሚያርፍበት ቦታ ይዘጋጅ፤ የሚቆጥረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። «በሦስት» ሲባል ሦስት ላይ ነው ወይስ ከሦስት በኋላ? ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሳይስማሙበት አንዱ ቀድሞ ሲያነሳ ሙሉውን የሚቀበለው እሱ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ቢሆንም «ቁም!» ማለት ግን የሁሉም መብት ነው፤ ትንሹ ረዳትም ቢሆን ሲል ሁሉም ይቆማል።

ዕቃው ቢያመልጠን ለመያዝ እንሞክር?

አትሞክሩ፤ ለቅቃችሁ ወደ ኋላ ሽሹ። ይህ ለመናገር ቀላል፣ ለማድረግ ከባድ ነው፤ የረዳቱ ሐሳብ ያለው የሚሰበረው ዕቃ ዋጋ ላይ ነውና። ስለዚህ ጉዳዩ የጋራዡ ባለቤት እጅ ላይ ነው። «ዕቃ ቢወድቅ ከደሞዝህ አይቆረጥም» የሚለውን ቃል ሠራተኛው አስቀድሞ ሰምቶት ካልሆነ፣ በዚያች ቅጽበት እጁን ከብረቱ ሥር ማስገባቱ አይቀርም።

የከባድ መኪና ጎማ ብቻዬን ማውለቅ እችላለሁ?

ማውለቁን ትችሉ ይሆናል፤ ማንሳት ግን የለባችሁም። ጎማው ከመሬት በጣት ውፍረት ያህል ብቻ ከፍ እንዲል መኪናውን አንሱት፤ ያኔ ሲወጣ ቀጥታ መሬት ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይንከባለላል። ሲገጠምም ጎማውን ወደ ብሎኑ ከማንሳት ይልቅ በክሪክ አክሱን ወደ ጎማው ማስተካከል፣ ለቀረችው ትንሽ ከፍታ ደግሞ ረዘም ያለ የብረት ዘንግ ከሥሩ አስገብቶ በእግር መጫን። የቆመ ጎማ ሲወድቅ ለማቆም አትታገሉ፣ በሚወድቅበት ወገንም አትቁሙ።

ጎሚስታዎች የሚያውቁት ሌላ አደጋም አለ። ቸርኬው ጎማውን የሚይዝ ተነቃይ ቀለበት ያለው ከሆነ ዳዶው ከመላላቱ በፊት አየሩ ይውጣ፤ ጥንድ ከሆነ የሁለቱም። የተሰነጠቀ ቸርኬ አየር ይዞ ሲፈታ ቀለበቱ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ሲነፋም በብረት ቀፎ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ በረጅም ቱቦ ይሁን።

ጋቢና ወይም ገልባጭ ተነስቶ ሥሩ ስንሠራስ?

ጋቢናው ተገልብጦ እስከ መቆለፊያው መድረሱንና የድጋፍ ዘንጉ መግባቱን ሳያዩ ሞተሩ ላይ ማንም አይጎንበስ። ጋቢናው ከመነሳቱ በፊት ውስጡ ያለው ልቅ ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ የሾፌሩ መፍቻ ወይም የውኃ ጄሪካን የፊት መስታወቱን ሰብሮ ሲወርድ የሚያገኘው ከታች ያለውን ሰው ነው።

የገልባጭ ሳጥን ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በሃይድሮሊክ ብቻ የቆመ ሳጥን ሥር ገብቶ ቱቦ መፍታት ራስን መግደል ነው፤ የሚፈታው ቱቦ ራሱ ሳጥኑን ያቆመው ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፣ በራሱ የብረት ድጋፍ ይቁም፣ ቁልፉም በሠራተኛው ኪስ ይሁን። ሾፌሩ «ትንሽ ላውርደው» ብሎ እንዳይገባ።

የወገብ ቀበቶ ልግዛ?

ለገንዘቡ የተሻለ ነገር አለ። የአሜሪካው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ጉዳዩን መርምሮ፣ ጤነኛ ሠራተኛ ቀበቶ በማድረጉ ከጉዳት ይጠበቃል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ቀበቶ ያደረገ ሰው ከአቅሙ በላይ ለመድፈር መፈተኑ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው።

ጫማና ጓንትስ?

ጫማ፣ አዎ፤ ያለ ክርክር። በነጠላ ጫማ ወይም በሸራ ጫማ ካምቢዮ የሚያወርድ ሰው ጣቶቹን አስይዞ ነው የሚሠራው። ጫፉ ብረት ያለበት፣ ሶሉ ዘይት ላይ የማያንሸራትት ይሁን። ጓንት ለሹል ላሜራና ለሙቅ ዕቃ ጥሩ ነው፤ በሚዞር ነገር፣ ለምሳሌ በቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ወይም በድሪል አጠገብ ግን አውልቁት። ቀለበትም ይውለቅ፤ በተለይ ባትሪ አካባቢ። ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው ሰጋቱራ ይበተንበት፤ ማታ ይጠረጋል ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እንዴት ይወርዳል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። አጭሩ መልስ፣ ሥልጠናውና መሣሪያው በሌለበት ቤት አይወርድም ነው። ከመኪናው ወለል ሥር ያለው ባትሪ እንደ መኪናው ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ በሁለት ክሪክ አይያዝም፤ ሙሉ ስፋቱን የሚደግፍ ማንሻ ጠረጴዛና ከላይ መኪናውን የሚይዝ ሊፍት ያስፈልጋል። ብርቱካናማ ሽቦዎቹ የሚሸከሙት ኤሌክትሪክ ሰው የሚገድል ነው፤ ባትሪው ከተቋረጠ በኋላም አምራቹ የሚያዘውን የመጠባበቂያ ጊዜ ማክበርና በመለኪያ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ሌላም አለ፦ ባትሪው ከወረደ የመኪናው ክብደት ሚዛን ስለሚቀየር ሊፍት ላይ ያለው መኪና ሊያጋድል ይችላል።

ባትሪውን ለማትነኩትም አንድ ማሳሰቢያ። የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ለመቀየር እንኳ ክሪክ የሚገባው አምራቹ በወሰናቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ የወለሉ መሃል ባትሪ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ረዳቴ 16 ዓመቱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስተምር ያስገድደዋል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ የመጠቀምና ጉዳት ሲደርስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ይሆናል፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ከሆነ ግን ይለያል። «እሱ ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ ጤናውን የሚጎዳ ሥራ አይሰጠውም፣ መደበኛ ሰዓቱም በቀን ከ7 አይበልጥም፣ ትርፍ ሰዓትና የሌሊት ሥራም አይሠራም። ለ16 ዓመቱ ረዳት ይህ ማለት መፍቻ ያቀብል፣ ዕቃ ይጠብ፣ ሥራውን ይማር፤ ከካምቢዮ ሥር ግን አይተኛ ማለት ነው። ጉልበቱ ከትልቁ መካኒክ ቢበልጥ እንኳ አጥንቱ ገና እያደገ ነው።

ወገቤ ቀጭ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ሥራውን አቁሙ፣ ዕቃው በሌላ ሰው ይጨረስ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ ለቀናት አልጋ ላይ መተኛት ግን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም። ሙቀት፣ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ መራመድ፣ ቀላል ሥራ ይበጃል።

እግር ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ በጭኖች መካከል ያለው ቦታ ስሜት ካጣ፣ ሽንት ከተያዘ ወይም ካመለጠ ግን ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት ወይም ማስጎተት በእነዚህ ምልክቶች ላይ ጉዳቱን ዘላቂ ሊያደርገው ይችላል። በክሪክ ወይም በዕቃ ሥር የተጨፈለቀ ሰውም ውጫዊ ቁስል ባይኖረው እንኳ መታየት አለበት።

ከመርካቶው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የተገዛ ሞተር ጋራዥ ሲደርስ እንዴት ይውረድ?

አወራረዱ የሚታሰበው ሳይጫን ነው። ተሸካሚዎች በመርካቶ ሲጭኑ ብዙ ናቸው፤ ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ግን ሹፌሩና አንድ ረዳት ብቻ ይቀራሉ፣ ሹፌሩም ይቸኩላል። ጣውላ አጋድሞ ማንሸራተት የሚመጣው ያኔ ነው፤ 150 ኪሎ በጣውላ ላይ መሄድ ከጀመረ ማንም አያቆመውም። ፓራንኮው ከተዘጋጀ መኪናው ሥሩ ገብቶ ሞተሩን ይሰቅልና ወደ ፊት ይወጣል። ካልሆነ ለማውረጃ የሚሆን ሰው ዋጋ አብሮ ይታሰብ።

አቅሜ ትንሽ ነው፤ ከየቱ ልጀምር?

ከካቫሌቶ። የሚችለው ክብደት የተጻፈባቸው አራት ካቫሌቶዎችና ታኮዎች ከማንኛውም ነገር ይቀድማሉ። ከቁርጥራጭ ብረት የተበየደ ካቫሌቶ ርካሽ ነው፤ ስንት እንደሚችል የሚያውቅ ግን ማንም የለም። ቀጥሎ ካምቢዮ ክሪክ ወይም ቀበቶ ያለው መቀመጫ፣ ከዚያ ፓራንኮ ከነመቆሚያው። ጎማ ያለው ዝቅተኛ ጋሪ በአካባቢው ብየዳ ቤት ይሠራል፤ የወረደ ዕቃ ሁሉ በእሱ ይንቀሳቀስ፣ ሲሄድም ይገፋ እንጂ አይጎተት።

የመደርደሪያ አደራደር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ታምቡርና ባትሪ ከጉልበት እስከ ደረት ባለው ከፍታ ይቀመጡ፤ ቀላሉ ላይና ታች ይሂድ። ሞተርና ካምቢዮ አሮጌ ጎማ ላይ ወይም ሰንሰለት በሚያልፍበት የእንጨት መደብ ላይ ይረፍ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ሞተር እንደገና ሲነሳ ሥሩ እጅ ማስገባት ይጠይቃል።